በወረቀት የገቡ ስድሳ ማሽኖች

ሬሳው የተገኘው በዕቃ አሳንሰሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ተሸካሚዎቹ ሦስት መቶ ወንበር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሊያወጡ ተሰልፈው አሳንሰሩን ቢጠሩት አልመጣ አለ። ዛሬ ነገ እየተባለ ሳይጠገን አራተኛ ፎቅ ላይ ተገትሮ ቀርቶ ነበር። አንደኛው ተሸካሚ ትዕግሥቱ አልቆ የምድር ቤቱን በር በብረት ፈልቅቆ አንገቱን ሲያስገባ ጫማ አየ። «የማን ጫማ ነው ደግሞ?» ብሎ ጎተተው። ጫማው ባለቤቱን ይዞ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አዲሱ የበጀት ዓመት ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው። ዝናብ ያዘለው ሰማይ የሚኒስቴሩን ሕንጻ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከመጋዘኑ በር እስከ ግቢው መሐል ላስቲኩ ያልተላጠ ወንበር በወንበር ላይ ተቆልሏል።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለችው ሳጅኑን።

«ለማንም አይደለም አሉ። ገንዘቡ እንዳይመለስ ነው የተገዛው። ካልጨረሱት ለከርሞ ይቀነስባቸዋል።» ሳጅኑ ወንበሮቹን በዓይኑ ቆጠራቸው። «እኛ ጣቢያ ሦስት ሰው በሁለት ወንበር እየተፈራረቅን ነው። ብናገር ደግሞ ምቀኛ እባላለሁ።»

ሟቹ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ግቢ ሠርቷል። ከወገቡ የማይለይ የቁልፍ ዘለላ ስለነበረው ከሚኒስትሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ «ጋሼ ቁልፉ» ይሉታል። ቁልፎቹ አሁንም ወገቡ ላይ ናቸው። በትከሻው ባነገታት የቆዳ ቦርሳ ውስጥ መነጽር፣ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ካርድና ገና ያላለቀ የዕቃ መረከቢያ ጥራዝ ተገኘ። ማንኛውም ዕቃ መጋዘን ሲገባ በዚያ ጥራዝ ላይ ይሞላል፣ እሱም ይፈርማል። ያለ እሱ ፊርማ አንዲት እስክሪብቶ ገባች አትባልም።

«ወድቆ ነው» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች። «ከሦስተኛ ፎቅ ይመስለኛል፤ እዚያ ያለው በር አይቆለፍም። የሞተው ከትናንት በስቲያ፣ ወደ ማታው ነው። ቀሪውን ከፍቼ ካየሁ በኋላ።»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲጠፋ የፈለገው የለም?»

መልሱን የሰጠው የመጋዘኑ ምክትል ነው፤ ፊቱ አመድ መስሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «በመዝጊያ ሳምንት ማን ማንን ይፈልጋል? እዚሁ ወረቀት ላይ ነው የምናድረው። ሚስቱ ቢሮ ያደረ ይመስላታል፣ እኛ ቤቱ የሄደ ይመስለናል። እኔም በትርፉ ቁልፍ ከፍቼ ስሠራ ዋልኩ። ከታች ተኝቶ…» አልጨረሰውም።

ከቆሙት ሰዎች መሐል አንዱ ወንበር አምጥቶ ምክትሉን አስቀመጠው፤ ውሃም በብርጭቆ ሰጠው። ሃምሳን የተሻገረ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነው።

«እሱ የበጀት ክፍሉ ኃላፊ ነው» አለ ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደፋኙ ይሉታል። የመጣውን ጉድለት ከየትም ብሎ ስለሚደፍን።»

ከሰዓት በኋላ አዛዡ ደወለላት። ድምፁ እፎይታ ነበረበት፤ እፎይታው አላማራትም።

«መገላገያሽ ተገኝቷል። ሰውዬው ስድሳ የኩላሊት እጥበት ማሽን ተረክቤያለሁ ብሎ ፈርሟል። መጋዘኑ ተፈተሸ፤ አንድ ማሽን የለም። ሸጦታል። ሊነቃበት ሲል ራሱን ወረወረ። እስከ ነገ ወዲያ ማታ ሪፖርትሽን እፈልጋለሁ።»

«ስድሳ ማሽን በኪስ አይወጣም፣ ጌታዬ።»

«ፊርማ ፊርማ ነው» አለና ዘጋው።

*

የደፋኙ ቢሮ ጠባብ ነበር፤ ከወረቀቱ የተረፈው ቦታ ሁለት ወንበር ብቻ ይይዛል። አንዱ እግሩ ስለተሰበረ በጥራዝ ተደግፏል።

«ግቢው ሙሉ ወንበር አለ» አለችው።

«ያ የሌላ ክፍል በጀት ነው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ልንካው ብል ሦስት ኮሚቴ ይሰበሰብብኛል።»

ስለ ማሽኖቹ ጠየቀችው። እሱም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነገራት። «አንድ ቤተሰብ መቶ ያገኛል፣ መቶ አርባ ያወጣል እንበል። አርባውን ይበደራል። በዓመቱ የአርባውን ወለድ ለመክፈል ሌላ ይበደራል። ያ ቤተሰብ እኛ ነን። ማሽኖቹም በብድር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የሚከፈል። አበዳሪዎቹ ገንዘቡን የሚለቁት ዕቃው መጋዘን መግባቱን የሚያሳይ መረከቢያ ሲያዩ ነው። ቀነ ገደቡ የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ ሠላሳ ነበር። ይኸው መረከቢያው። የሠላሳ ማኅተም አለበት። ፊርማውም የእሱ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበለችው። በስተቀኝ ጥግ ላይ በቀይ 4412 የሚል ቁጥር ታትሟል።

«ሰውዬውን ያውቁታል። ሌባ ነበር?»

ደፋኙ ፋይሉን ዘጋ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«በሠላሳ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎማ ይቆጥር ነበር።»

ይህን ጻፈች። ስትወጣ በሩን ከፍቶላት ቆመ። ጫማው ሁለት ጊዜ ተጠግኖ የተሰፋ መሆኑን አየች። ሚሊዮን ሲያልፍበት የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ጫማ ሲያደርግ ልቧ ወደ እሱ ማዘንበሉ አልቀረም።

*

የጋሼ ቁልፉ ቤት ሁለት ክፍል ናት። ቀብሩ ገና ሳይፈጸም ደብዳቤው ደርሶ ነበር። ሚስቱ ከመደርደሪያ አውጥታ ሰጠቻት። የጎደለው ንብረት ዋጋ ከሟቹ ቤትና ከጡረታው እንዲተካ፣ ለዚሁም ገማቾች እንደሚመጡ ይገልጻል።

«ዕዳ ከሜዳ» አለች ሴትዮዋ። ግራ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። «ሃያ ሁለት ዓመት የመንግሥትን ዕቃ ሲቆጥር ኖሮ እሱ ሲሞት የእሱን ቤት ሊቆጥሩ ይመጣሉ። ሁለት ክፍል ለመቁጠር ስንት ሰው ነው የሚልኩት?»

«እማማ፣ በሠላሳ ባለቤትዎ ቢሮ ነበር?»

«በሠላሳ? በሠላሳማ ከእኔ ጋር ነው የዋለው! ዓይኔን የተቀደድኩት በሠላሳ አይደል? ከንጋት እስከ ማታ ከአልጋዬ አጠገብ ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ውጣ ብትለው መጋዘን አይደለም፣ ሚስቴን ነው የምጠብቀው አላት።»

ኢንስፔክተሯ የክሊኒኩን ካርድ አስታወሰች። ቀኑ ሠላሳ ነበር። እንግዲያው በሠላሳ ማኅተም የተፈረመው ፊርማ የእሱ ሊሆን አይችልም። ከደረቷ ላይ አንድ ነገር የተነሣላት መሰላት።

የሟቹ ልጅ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ከሥራ ገብታ ወደ ሥራ የምትመለስ ትመስላለች።

«እኔ የምሠራው የኩላሊት ክፍል ነው» አለች። «ባለፈው ሳምንት አባቴ ስንት ማሽን አላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት፣ አንዱም አንዴ ይነሣል አንዴ ይወድቃል አልኩት። ስድሳ ቢመጣላችሁስ አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።»

«ለምን እንደጠየቀሽ ነገረሽ?»

«አባቴ የሥራውን ነገር ቤት አያስገባም። ወንበር እንኳ በነጻ ሲሰጡት ደረሰኝ ይላል።»

እናትየው የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ ቤቱ ሄደ አልሄደ አንድ ነገር ነው፤ ሲጨንቀኝ ከልጄ ጋር እከራያለሁ። ሌባ ነበር ተብሎ እንዲቀር ግን አታድርጊ። እሱን ካደረጉብኝ የምኖርበት የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ቶሎ ለማስለቀቅ አልሞከረችም። ቃልም አልገባችላትም። ቃል የገቡላት ሰዎች በእሷም ቤት አልፈው ነበር፤ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታውቀዋለች።

*

የማሽኖቹ አቅራቢ ወፍራም፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ነጋዴ ነው። ጋሼ ቁልፉ በሞተበት ቀን፣ ወሩ በገባ በሁለት፣ ከእሱ ጋር ሲጯጯህ የግቢው ዘበኞች አይተውታል።

«መጮኹንስ ጮኼያለሁ» አለ። «ሰውዬው ድርቅ አለብኝ! ፈርምልኝ አልኩት። ዕቃውን አሳየኝና እፈርማለሁ አለኝ። ጋሼ፣ በዚህ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው ዕቃ ታይቶ የሚፈረመው? አልኩት። ጎማ ፈርመህ በወሩ መጣ፣ ወንበር ፈርመህ በሁለት ወሩ መጣ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ነው ቅዱስ የምትሆነው?»

«ማሽኖቹ የት ናቸው?»

ነጋዴው ክራቫቱን ላላ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ወረቀት ነው የሸጥኩት። ደረሰኝ ስጥ ተባልኩ፣ ሰጠሁ። ለደረሰኟ የምትሆን ትንሽ ነገር ተከፈለኝ።»

«ስጥ ያለህ ማን ነው?»

«ትእዛዙ ከላይ ነው አሉኝ። ላይ ማን እንዳለ ደግሞ ቀና ብዬ አላየሁም። አንገቴን ያመኛል።»

«በሁለት፣ ወደ ማታው ላይስ የት ነበርክ?»

«ከግቢው ወጥቻለሁ። የዘበኞቹን መዝገብ እዩ። ስገባ እንደ ሌባ ነው የመዘገቡኝ፣ ስወጣም እንዲሁ።»

ሳጅኑ የዘበኞቹን መዝገብ አየ። እውነቱን ነው፤ ነጋዴው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቷል።

«እኔ ምክትሉን ነው የምጠረጥረው» አለ ሳጅኑ በመንገድ ላይ። «ትርፍ ቁልፍ አለው። ሞተር ብስክሌትም ገዝቷል።»

«አንተስ አልገዛህም?»

«የእኔ በብድር ነው።»

«የእሱስ?»

ሳጅኑ ጥቂት አሰበ። «እሱም በብድር ሳይሆን አይቀርም» አለ። «አሁንስ ሰው ሁሉ አንድ ሆነብኝ።»

*

ማኅተም የምትመታዋ የመዝገብ ቤት ሹም ለጡረታዋ አንድ ዓመት የቀራት፣ ጥርሷ ነጭ፣ ምላሷ ስለታም ሴት ነች። ጠረጴዛዋ ላይ ቀኑ የሚዞር ትንሽ ማኅተም ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ የክሊኒኩን ካርድና መረከቢያውን ጎን ለጎን ዘረጋችላት።

«እትዬ፣ ይህ ሰው በሠላሳ ክሊኒክ ነበር። ታዲያ በሠላሳ እዚህ እንዴት ይፈርማል?»

ሴትዮዋ ወረቀቶቹን ሳይሆን ኢንስፔክተሯን አየቻት፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «አይ ልጄ፣ አንቺ ለቤቱ እንግዳ ነሽ።» ማኅተሙን አንስታ በቁራጭ ወረቀት ላይ መታችው። «ዛሬ ስንት ነው?»

«አምስት።»

ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ይላል።

«የዓመቱ መዝጊያ ሲደርስ ማኅተሙን አላዞረውም» አለች ሴትዮዋ። «ዕቃ የዘገየበት አለ፣ ፊርማ የጎደለበት አለ። በአዲሱ ቀን ከተመታ ገንዘቡ ይመለሳላ! ስለዚህ ሠላሳው ለአምስት ቀን ይቆያል፤ አንዳንዴም ሰባት። እኛም ለምደነዋል። ባለፈው ልጄ ልደቴ መቼ ነው ብትለኝ በሠላሳ አልኳት፤ በሦስት ነው የወለድኳት።»

«ታዲያ ይሄ በሁለትም ተፈርሞ ሊሆን ይችላል?»

«በሁለትም፣ በሦስትም። ሠላሳ ነው የሚለው።»

ኢንስፔክተሯ ካርዱን ቀስ ብላ አጠፈችው። በሁለት ጋሼ ቁልፉ በሥራ ላይ ነበር። ፈርሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሟቹ ሚስት ዓይንና የክሊኒኩ አልጋ የሰጧት ተስፋ በአንድ ማኅተም ድምፅ ተነነ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል፤ ወንበሮቹን የሚያስገባ የለም።

*

ያን ቀን ቢሮዋ ተቀምጣ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ሳጅኑ ደሞዝ አምስት ቀን ዘግይቶም ቢሆን መግባቱን ሊያበስራት ብቅ አለ። ራሷን ነቀነቀችለት። ከኪራይ በላይ እንደማይተርፋት ታውቃለች።

ቀኑ ይዋሻል። ፊርማ ይመሰላል። ታዲያ እዚያ ወረቀት ላይ የማይዋሽ ምን አለ? ዓይኗ ወደ ቀዩ ቁጥር ሄደ። ቁጥሩን የሚያትመው ማተሚያ ቤት ነው፤ ማንም አያቆመውም፣ ማንም አያዞረውም።

ከጋሼ ቁልፉ ቦርሳ የወጣውን ጥራዝ ከፈተች። መጨረሻ የተጻፈበት ቅጠል 4388 ነው፤ የሁለት መቶ ጎማ መረከቢያ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ባዶ ቅጠል ቀርቶታል፤ ጥራዙ በ4400 ያልቃል።

4412 ከዚህ ጥራዝ አልወጣም።

ጠዋት ከሁሉ በፊት ወደ ዘበኞቹ ሄደች። ዘበኞቹ የጥበቃ ድርጅት ተቀጣሪዎች ናቸው፤ የሚኒስቴሩ በጀት ተዘጋ ተከፈተ አያገባቸውም። መዝገባቸው ፀሐይ በወጣችበት ቀን ይጻፋል። ጎማው የገባው በሁለት፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ወንበሮቹ የገቡት በሦስት ጠዋት።

ከዚያ ምክትሉን አስጠራችው።

«የወንበሮቹን መረከቢያ ማን ሞላ?»

«እኔ ነኝ። ጋሼ ስላልነበሩ።»

«በየትኛው ጥራዝ?»

«የእሳቸው ከእሳቸው ጋር ነበር። ስለዚህ ከመዝገብ ቤት አዲስ አወጣሁ፤ በሦስት ጠዋት። እትዬ ናት ማሸጊያውን ቀድዳ የሰጠችኝ።»

ቅጂዎቹን ዘረጋላት። የወንበሮቹ 4401 ነው። ከዚያ መብራት፣ ምንጣፍ፣ ወረቀት፤ እስከ 4411 ድረስ ጽሑፉ የምክትሉ ነው። 4412 ተገንጥሏል። ከ4413 ጀምሮ እንደገና የምክትሉ እጅ።

«ይቺን ማን ገነጠላት?»

ምክትሉ ጥራዙን ከራሱ ገፋ አደረገው። «እኔ አይደለሁም፤ በልጆቼ! በሦስት ምሳ ሰዓት ላይ ጥራዙን ለግማሽ ሰዓት ተውሰውኝ ነበር። ቁጥር ላመሳክር ብለው። ሲመልሱልኝ አላየሁትም። ምኑን አያለሁ? ሁሌም ይዋሱናል።»

«ማን?»

ሲነግራት በመጀመሪያ አላመነችውም። ከዚያ ማስታወሻዋን አውጥታ በአራት የጻፈችውን መልስ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰውን በተጠገነ ጫማ መመዘኗ አሳፈራት።

*

ደፋኙ ስትገባ ከወንበሩ ተነሣላት።

«ይቀመጡ» አለችው። «አንድ ነገር እንዲያርሙልኝ ነው። ጋሼ ቁልፉን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«በሠላሳ ብዬዎታለሁ።»

«ወደ አሥር ሰዓት፣ ጎማ ሲቆጥር።»

«አዎ።»

«በሠላሳ ሚስቱን ሲያስታምም ነው የዋለው። ክሊኒኩም፣ ነርሷም ይመሰክራሉ። ጎማው ግቢ የገባው በሁለት ነው፤ ዘበኞቹ ጽፈውታል። በሠላሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጎማ አልነበረም።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሆን ብለው አልዋሹኝም። የዚህ ቤት ሰው ነዎት፤ ሠላሳችሁ ገና አላለቀም። እርስዎ ያዩት በሁለት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሟ ወድቋል ባለችበት ሰዓት ላይ።»

መረከቢያውን ከፊቱ አስቀመጠች።

«ይቺ ቅጠል በሁለት ማታ መዝገብ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ታሽጋ ነበር። የወጣችው በሦስት ጠዋት ነው። ያኔ ጋሼ ቁልፉ ሞቷል። የሞተ ሰው ተረከብኩ ብሎ አይፈርምም።»

«ቁጥሩን ማን ያያል?» አለ ደፋኙ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁሉም የሚያየው ቀኑን ነው።»

«ማሽኖቹ የት ናቸው?»

«አልተገዙም። የሚገዙም አልነበሩም።» ቀና አለ። ፊቱ ላይ ድካም እንጂ ፍርሃት አልነበረም። «አንዲት ሳንቲም አልሰረቅሁም። ይፈትሹኝ። ገንዘቡ ትናንት ገባ። ገብቶም አላደረ፤ ግማሹ የድሮ ብድር ወለድ ሆኖ ወጣ። ያንን ባንከፍል በነጋታው ነዳጅ የሚሸጥልን አልነበረም። ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ደሞዝ ሆነ። የእርስዎስ ትናንት አልገባም? አምስት ቀን ዘግይቶ?»

ገብቶ ነበር። ማለዳ ለቤት አከራይዋ ቆጥራ ሰጥታዋለች። በማሽኖቹ ገንዘብ ሌላ ወር ቤት አላት።

«ስለ ጋሼ ቁልፉ ይንገሩኝ» አለች።

«ይፈርማል ብዬ ነበር። ሁሌ ይፈርም ነበር፤ ዕቃው ቢዘገይም ስለሚመጣ። መቼ ይመጣሉ አለኝ። ልዋሸው እችል ነበር፤ በወሩ ብለው ይፈርምልኝ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ አይመጡም አልኩት። ጎማውን መቁጠር አቆመ። ልጄ የምትሠራበት ክፍል ሦስት ማሽን ነው ያለው፣ አራተኛው ሰው ውጭ ይጠብቃል አለኝ። ስለዚህ ነገር በጽሑፍ አሳውቃለሁ ብሎ ተነሣ። ጥራዙን ልይዝበት ቦርሳውን ጎተትኩ። መነጨቀኝ። ገፋሁት። በሩ አለመቆለፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ የመጠገኛ በጀት አጥቶ ነው።»

«ሐኪሟ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ትላለች።»

ደፋኙ ዓይኑን ጨፈነ። «ተጣርቷል» አለ። «አንድ ጊዜ። በስሜ። ሰው ልጥራ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። ወርጄ… ብናገር መዝጊያው ይቆማል፤ ብድሩ ይመለሳል፤ መቶ ሺህ ሰው ደሞዝ ያጣል። ይህን ሳሰላ ቢሮዬ ደረስኩ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፣ ኢንስፔክተር። እስካሁንም ደግሜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ይገጥማል።»

«ይህን ሒሳብ ለሚስቱ አሳይተዋታል? ቤቷ ሊወሰድ ነው።»

ደፋኙ ኮቱን ከመስቀያው አወረደ። ከመውጣቱ በፊት በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ጠርዛቸውን አስተካክሎ ቁልል አደረጋቸው፤ ነገ የሚቀጥላቸው ሰው እንዳይቸገር።

*

አዛዡ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበው።

«ይሄ ከወጣ አበዳሪዎቹ ቀሪውን ይይዙታል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ሰውዬው ሞቷል። ሌባ ቢባል አይሰማውም።»

«ሚስቱ ትሰማለች» አለች። «ቅጂው ደግሞ ጠዋት ለዐቃቤ ሕጉ ደርሷል።»

አዛዡ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን በአገጩ ብቻ ነው የሚመልሰው።

አበዳሪዎቹ እንደተባለው አደረጉ። በቀጣዩ ወር መጨረሻ የከፋዩ መስኮት ሳይከፈት ዋለ፤ በሁለተኛው ቀን ወረቀት ተለጠፈበት። ፖሊሶቹ በመተላለፊያው ተሰልፈው አነበቡት። ማንም ዞሮ አላያትም። አለማየታቸውን ግን ሁሉም ተጠነቀቀበት።

«ደፋኙን አሰርነው» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «ጉድለቱ በእኛ በኩል ፈሰሰ።» ከዚያ አዘነላትና «ለእርስዎ ማለቴ አይደለም» አለ። «ሞተር ብስክሌቴን ሊወስዱብኝ ነው፤ ለእሱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ የሚኒስቴሩን ደብዳቤ ራሷ ይዛ ወደ ሁለቱ ክፍል ሄደች። ቤቱ እንዳይነካ፣ ጡረታው እንዲከበር፣ ሟቹም በንብረት ጉድለት እንዳይጠየቅ ይላል። የሴትዮዋ ፋሻ ተነሥቷል፤ ግን በዳነው ዓይኗ ማንበብ ፈራች። ልጅቷ አነበበችላት። ስትጨርስ እናትየው «የመጨረሻዋን ድገሚያት» አለች። ደገመችላት። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ተቀብላ በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ያዘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ» አለች። «ሲወድቅ… ቶሎ ነው የሄደው?»

ኢንስፔክተሯ በሪፖርቱ ላይ አንዲት የተሳሳተ ቃል አልጻፈችም። ሰዓቱን በሰዓቱ፣ ቁጥሩን በቁጥሩ አስገብታዋለች።

«ወዲያው ነው፣ እማማ» አለች። «ምንም አላወቀም።»

«ተመስገን» አለች ሴትዮዋ።

ልጅቷ የምሽት ተራዋ ስለደረሰ አብራት ወጣች። ከግቢው በር ሲርቁ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች።

«ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው ሁሌ ወዲያው አይሞትም» አለች ከዚያ። «ነርስ ነኝ። ምን ያህል ነው የቆየው?»

«ሁለት ሰዓት።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ምን ሊደረግለት ይችል እንደነበር ስታሰላ ከፊቷ ይታያል።

«እናቴ እንዳትሰማ» አለች በመጨረሻ።

«ከእኔ አትሰማም።»

አንድ ታክሲ ከኋላቸው መጥቶ ዝግ አለ፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠራቸው። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ የኢንስፔክተሯም ቤት እንዲሁ። የሁለቱም ደሞዝ ግን አልገባም፤ እጃቸውን አላነሡም። ታክሲው ጥቂት ጠብቆ ሄደ፤ እነሱም ጎን ለጎን በእግራቸው ቀጠሉ።